አደይ መስሎን የተከልነው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካልሲዋ ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኖ ነበር። አንድ በአንድ እየነቀልኩላት፣ ይኼ እሾህ መጀመሪያ አበባ እንደነበር ስነግራት አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ እኔንም በእሷ ዕድሜ ሸውዶኛል።

ያኔ ከሲኤምሲ ወዲያ ጤፍ ይዘራ ነበር። ጓደኛዬ ጫልቱ የገበሬው የጋሽ ቶሎሳ ልጅ ናት። መስከረም ሲጠባ ከማሳቸው ዳር አደይ እንለቅማለን፤ እሷ «ኬሎ» ትለዋለች። በክረምት በቅሎ፣ ለጥቂት ሳምንት ሜዳውን ቢጫ አድርጎት፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ማንም አይዘራውም፤ መሬቱ ካለ ራሱ ይመጣል።

አንድ ክረምት ማሳው ቤት ሊሠራበት ተፈለገና እነጫልቱ ሊነሱ ሆነ። እኛም ዶዘር ሳይገባ አደዩን ወደ እኛ ግቢ ለማዛወር ተማከርን። ነሐሴ ነው፤ ገና አላበበም። ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን ቡቃያውን ከነሥሩ ነቀልን። አደይ መሆኑን ጋሽ ቶሎሳን ብንጠይቃቸው፣ «ለእኔ ሁሉም አረም ነው። ይልቅ እግራችሁን ታጠቡ!» አሉን።

ጫልቱ ስትሄድ፣ «ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ። አበባየሆሽን ያለ እኔ እንዳትጀምሪ፣ እሺ?» አለችኝ።

በዓሉ ሲደርስ የተከልነው አበበ። ግን መሀሉ ብቻ ቢጫ፣ ዙሪያው ስስ ነጫጭ ቅጠል! እናቴ አይታው፣ «ውይ ልጄን! ጭጎጎት ነው እኮ ስታጠጪ የከረምሽው!» ብላ እስኪደክማት ሳቀች። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ከሥሩ ስንነቅለው አደይ አልነበረም? ወይስ ቦታ ሲቀይር ተለወጠ? ጫልቱን ምን እላታለሁ? ያንኑ አበባ ይዤ በራችን ላይ ቆምኩ። የሰፈሩ ልጆች እየጨፈሩ አለፉ፤ ተከተይን ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ጫልቱ አልመጣችም። በዓመቱም አልመጣችም።

ዛሬ አደይ የምገዛው ከሾላ ገበያ ነው። ቅዳሜ ዕለት ልጄን የእነጫልቱን ማሳ ላሳያት ይዣት ወጣሁ። ፎቆቹ መሀል ቆሜ ብዞር ብዞር፣ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ። የእኛም ግቢ ፈርሶ አፓርታማ ከሆነ ቆይቷል። «እማዬ፣ ጠፋን እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

ጫልቱን ቃሏን አጠፈች ብዬ ስንት ዘመን ተቀይሜያታለሁ። አሁን ግን እንጃ። ምናልባት ካደገች በኋላ መጥታ ይሆናል። እዚሁ ቆማ፣ በራችን ጠፍቷት ተመልሳ ይሆናል።