ለባል የሚሆን ጉርምርምታ

ድምፅ ማጉያ መሸጫው ውስጥ የገባችው ሴትዮ ሰፊ የወንድ ጃኬት ለብሳ እጅጌውን እስከ ክርኗ ሰብስባዋለች። ግራ ክንዷን ከቀኙ ይልቅ ፀሐይ አጥቁሮታል። ሰብዉፈር፣ ያን ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ሳጥን፣ ትፈልጋለች።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው የሚያዳምጡት፣ እናቴ?» አላት ሻጩ።

«ዘፈን ምን ያደርግልኛል ልጄ?» ብላ ስልኳን ሰጠችው። ከስልኩ የወጣው የናፍጣ ሞተር ድምፅ ነው። «የጭነት መኪናችን ነው። ከሸጥነው ወዲህ ባሌ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲገላበጥ እያደረ እኔንም ጨረሰኝ።»

ሻጩ ትልቁን ሳጥን ጥግ ላይ አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ለቀቀላት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሴትዮዋ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳርፋ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው። እኔ የምፈልገው ሜዳ ላይ ነው።»

ትንሹን አስመጣች። ከግድግዳው አራቀችው፤ ከጀርባው ያለችውን መቆጣጠሪያ በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች ወደ ታች አዞረች። ጩኸቱ ከስሞ ልስልስ ያለ ጉርምርምታ ብቻ ሲቀር ዓይኗን ጨፈነች። ቀኝ እግሯ ወለሉን ጫን አለ።

«ሾፌር ከመሪው ሲለይ ይከብደዋል» አለ ሻጩ ባልየውን አዝኖለት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። «ማን? ባሌ? መንጃ ፈቃድም የለው! እኔ ስነዳ እሱ ጎኔ ሆኖ ሲያንኮራፋ ነው የኖረው።»

ሻጩ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ሳቅ አንተ» አለችው ሳጥኑን ብድግ አድርጋ። «ዛሬ ካልተኛ ግን ይሄን ሳይሆን እሱን ነው የምመልስልህ።»