በሌላ ሰው አካውንት

ሐርጌሳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አሠሪዬ ስልክ ሰጡኝ። አዲስ አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው የተሻለ ስትገዛ መሳቢያ ውስጥ የጣለችው ነው። ቢሆንም መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ካሜራው ጥሩ ነው፣ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይቆያል። የእኔ ስልክ በላስቲክ ታስሮ የሚሠራ፣ ቁጥሮቹ ተፍቀው ያለቁ ባለ ቁልፍ ነበር። አዲሱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ሳምኩት። ዛሬ ይህን ሳስታውስ ያንገሸግሸኛል።

አሠሪዬ በልጅነታቸው ከጦርነት ሸሽተው ከቤተሰባቸው ጋር ኢትዮጵያ የገቡ፣ ድሬዳዋ ተምረው ያደጉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲቆጡ አንቺ ልጅ፣ ደስ ሲላቸው እህቴ ይሉኛል። ሌሎች የማውቃቸው የአገሬ ልጆች ከአሠሪዎቻቸው ጋር በምልክት ሲግባቡ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ስለ እናቴ ሕመም በአማርኛ አወራ ነበር። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ሠራተኞች ሁሉ ዕድለኛዋ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የሚያምን ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

ስልኩን ያስተካከለልኝ የእትዬ የወንድም ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ትዳር የያዘ ትሑት ሰው። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን እየነካካ፣

«ኢሜይል አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ችግር የለም። የቤቱን አስገባልሻለሁ። ፎቶሽም፣ ቁጥርሽም፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣል። ስልኩ ቢሰረቅ እንኳን ምንም አይጠፋም።»

አይጠፋም ማለቱን እንደ ምርቃት ነው የሰማሁት። የእናቴ ፎቶ አይጠፋም፣ የወንድሜ ቁጥር አይጠፋም። የማይጠፋ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ የት አውቄ።

የዕረፍት ቀኔ ዓርብ ነው። እሑድ እንደ ማንኛውም ቀን ልብስ ይታጠባል፣ ወለል ይወለወላል። ስለዚህ እኛ ሰንበታችንን ወደ ዓርብ አዛውረነዋል። መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከጎንደር የመጣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እዚያ ጥቂት ሰዎች እንሰበሰባለን፤ የግንባታ ሠራተኞች፣ እንደ እኔ ሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ውዳሴ ማርያም እንደግማለን፣ ምስር ወጥ አብረን እንበላለን፣ ከዚያ ደግሞ ሴቶቹ ስለ ሴት ሕመም፣ ወንዶቹ ስለ ሥራ እናወራለን። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ታዘን ስንኖር ያቺ ክፍል መተንፈሻችን ነበረች።

ማንም ከልክሎን አይደለም የምንደበቀው። ማንም ደግሞ ፈቅዶልን አያውቅም። በዚህ መሐል ሰው ሳይረብሹ፣ ሳይታዩ መኖር እንደሚሻል ሁላችንም ተረድተናል። የሴራሚክ አንጣፊው ሚስት በር ላይ ሰማያዊ ሳፋ አስቀምጣ ስልኮቻችንን ትቀበላለች። ፎቶ ማንሳት የለም፣ ድምፅ መቅዳት የለም። እኔም ያን የሳምኩትን ስልክ አውጥቼ ሳፋው ውስጥ አስቀምጥና ተረጋግቼ እቀመጣለሁ። ስልኩ ሳፋ ውስጥ ተኝቶ ያለበትን ቦታ እየተናገረ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም።

የአንጣፊው ልጅ ሁለት ዓመት የሞላት ዕለት እናቷ ራሷ አንዲት ፎቶ አነሳች። ለአያቷ ልትልክ ነው። እኔ ነጠላ አጣፍቼ ልጅቷን ታቅፌያለሁ፤ ከጀርባዬ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ ባለ ፍርግርጉ መስኮት፣ ከጎኑ የእመቤታችን ሥዕልና የበራ ሻማ ይታያል። ማታውኑ ላከችልኝ። ሥሩ ላይ «ላንቺ ብቻ ነው፣ አይተሽ አጥፊው» ብላ ጽፋለች። አየሁት፣ ፈገግ አልኩ፣ አጠፋሁት። መልእክቱ ጠፋ። እኔ ያላወቅሁት፣ ያ የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ የመጣለትን ፎቶ ሁሉ ሳይጠይቅ ለብቻው እንደሚያስቀምጥ፣ ስልኩም ያንኑ አንሥቶ ወደ ቤቱ አካውንት እንደሚልክ ነው። አጥፊ የተባልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ እንጂ ማሽኖቹን ማንም አላዘዛቸውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእትዬ የወንድም ልጅ ለሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን ይዞ መጣና ከዚያው አካውንት ጋር አገናኘው። ቴሌቪዥኑ ሥራ ሲፈታ የቤተሰቡን ፎቶ እያቀያየረ ያሳያል። ውጭ አገር ያለው ልጅ በምረቃ ካባ፣ የእህታቸው ሠርግ፣ የበርበራ ባሕር። እትዬ በጣም ወደዱት። እንግዳ ሲመጣ ሆን ብለው ፊልሙን ያቆሙና ፎቶው እስኪጀምር ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ዘመዶቻቸው ተሰብስበው ሳለ ሻይ ይዤ ገባሁ። ትሪውን ሳስቀምጥ ወሬው ድንገት ቆመ። ቀና ስል ግድግዳውን በሞላው ስክሪን ላይ እኔው ነኝ። ነጠላዬ፣ ልጅቷ፣ ሻማው፣ ሥዕሉ። ራሴን ያን ያህል ገዝፌ አይቼ አላውቅም።

«ይህቺ ሠራተኛሽ አይደለችም?» አለች አንዷ በሶማሊኛ። የዚያን ያህል ሶማሊኛ እሰማለሁ።

ሌላዋ ወደ ፊት ጠጋ ብላ መስኮቱን አየችው። «ይሄማ የአማቼ ግቢ ነው። ያቺ የሚያከራያት ክፍል።»

እትዬ ሪሞቱን ከትራሱ ሥር፣ ከሶፋው ሥር መፈለግ ጀመሩ። ሳያገኙት ፎቶው በራሱ ተቀየረና የበርበራ ባሕር መጣ። ሻዩን ቀድቼ ወጣሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እትዬ ወጥ ቤት መጡ። ተቆጥተው የሚመጡ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም።

«አትደንግጪ እህቴ» አሉኝ። «እኔ እንደሆንኩ ከድሮም አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ዓርብ ዓርብ የት እንደምትሄጂ ነዋ። ስልኩ ካርታው ላይ ያሳየኛል። ወላሂ ለክፋት አይደለም። በሰው አገር ያለሽ ሴት ልጅ ነሽ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን እላታለሁ?»

«ለምን ታዲያ አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?»

ፊቴን አዙሬ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመርኩ። ወራት ሙሉ ያቺን ነጥብ ካርታው ላይ ሲያይዋት ኖረዋል። ዓርብ ማታ ስመለስ፣ የት ዋልሽ ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ጓደኛዬ ጋ እላቸዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እያወቁ ይጠይቁኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

«እኔ ለማን ተናገርኩብሽ?» አሉ ፊቴን ሳልመልስላቸው። «የሚደብቀው መጥፎ ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ይህን ያሉኝ ሴት ጥቂት ቀደም ብሎ ያንኑ ፎቶ ከዘመዶቻቸው ለመደበቅ ሪሞት ፍለጋ ሶፋ የገለበጡ ናቸው።

የግቢው ባለቤት ለሴራሚክ አንጣፊው ክፍሏን እንዲለቅ የነገረው ሳምንት ሳይሞላ ነው። አንጣፊው እንደነገረኝ ከሆነ ባለቤቱ ክፉ አልተናገረም። ሻይ ጋብዞት፣ እኔ በአንተ ቅሬታ የለኝም፣ ነገር ግን ሰው ማውራት ጀምሯል፣ በግቢዬ ወሬ አልፈልግም፣ ልጆች አሉኝ አለው። ትሕትናው ከስድብ ይልቅ አቃጥሎኛል። ተሳዳቢን ቢያንስ ትጠላዋለህ።

ለአንጣፊው ሚስት ስደውል ዕቃ እያሰረች ነበር።

«ፎቶውን አላጠፋሽውም?» አለችኝ።

«አጥፍቼዋለሁ፤ ማርያምን።»

«አጥፍተሽው ከሆነ እንዴት ቴሌቪዥን ላይ ወጣ?»

ላስረዳት ሞከርኩ። እኔም ያልገባኝን ነገር ምን ብዬ ላስረዳ። ስናገር ለራሴ ጆሮ እንኳን የውሸታም ሰበብ ይመስላል። ጥቂት አዳምጣ፣ «እሺ፣ ግን ከዚህ ስልክ ሁለተኛ አትደውዪልኝ» ብላ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ጊዜ የእትዬ የወንድም ልጅ ሲመጣ ፎቶው የት እንደነበር እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ታብሌቱን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እንዳስተዋልኩት ለማስፈራራት ሳይሆን እውቀቱን ለማካፈል ነበር። አጥፍቻቸዋለሁ ያልኳቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል። የሄድኩበት መንገድ በሰማያዊ መስመር ተሥሏል፤ ገበያው፣ ፋርማሲው፣ ያቺ ክፍል። ከዚያ አንድ ዝርዝር ከፍቶ፣ «እነዚህ ደግሞ ስልኩን በድምፅ የጠየቅሻቸው ናቸው» አለና አንዱን ነካው።

የራሴ ድምፅ ሳሎኑ ውስጥ ወጣ። ወጥ ቤት ጥግ ሆኜ፣ በሹክሹክታ፣ የማሕፀን እጢ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል ወይ ብዬ የጠየቅሁት ነው። ለእናቴ ያልነገርኳትን፣ ለዓርብ ጓደኞቼ ያላወራሁትን፣ ለእግዚአብሔርና ለዚያ ስልክ ብቻ የተናገርኩትን።

ቶሎ ዘጋው። ጆሮው ቀላ።

«ይቅርታ» አለኝ። «ግን ኖርማል ነው። የእኔም አለ፣ የሁሉም ሰው አለ። ኩባንያዎቹ ሁሉንም ይሰበስባሉ። ከሚሊዮን ሰው መሐል አንቺን ነጥሎ ማን ይፈልግሻል?»

ይህን ነገር ከእሱ በኋላም ከብዙ የተማሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ማን ይፈልግሻል። ለትልቅ ሰው ይሠራ ይሆናል። እንደ እኔ ላለች ሴት ግን ከሩቅ አገር ኩባንያ ይበልጥ የሚፈልጋት አለ፤ አሠሪዋ፣ የአሠሪዋ ዘመድ፣ የዘመዷ አማች። የእኔን ምስጢር ለማየት ሌባ አላስፈለገም፣ የይለፍ ቃል የሰበረ ሰው የለም። ሁሉም ነገር እንደተሠራው ሠራ። ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካርታው፣ አንዱም አልተበላሸም። እነዚህን ነገሮች የሚሠሩ ሰዎች ቤተሰብ ሲሉ በአንድ አካውንት ውስጥ የሚፋቀር ሰው ብቻ ይታያቸዋል። በዚያው ቤት ውስጥ የምታገለግል፣ በሌላ ሃይማኖት የምትጸልይ፣ እምቢ ብትል ማደሪያ የሌላት ሴት ትኖራለች ብሎ ያሰበ የለም።

«ላጥፋልሽ?» አለኝ።

«ከጠፋ በእውነት ይጠፋል?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዚህ ይጠፋል።»

አጠፋው። ስልኩን ዘግቼ፣ ጠራርጌ፣ ለእትዬ መለስኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ስጦታ ይመለሳል?» አሉኝ። «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው ያየሁሽ።»

«ልጅዎንም እንዲህ በካርታ ያይዋታል?»

«እንዴታ፣ አያታለሁ እንጂ» አሉ ሳያቅማሙ። የማይዋሹ ሴት ናቸው፤ ይህንን ልክድባቸው አልችልም።

ትልቋ ልጃቸው ደጅ መተላለፊያው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ቢሮ የምትሠራ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በኋላ ልብስ ሳሰጣ ሰገነቱ ላይ መጣችና ከአጠገቤ ቆመች። አማርኛዋ ከእናቷ የተማረችው፣ ጥቂት ነው።

«እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ። «ያን ስልክ የተውኩት ለዚህ ነው። አዲሱን በራሴ ኢሜይል ከፈትኩት። እናቴ የምታየው ሌላ ስልክ አለኝ፤ እሱን ቢሮ ትቼው እወጣለሁ።»

«እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

የአንሶላውን ጫፍ ያዘች። «አንቺን ስታይ እኔን ማየት ትቀንሳለች ብዬ» አለች። ከዚያ አንሶላውን አብራኝ ዘረጋችልኝ። መቆንጠጫውን አቀበልኳት። ከዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ይቅር ማለት ያቃተኝም እሷን ነው።

ወሩ ሲያልቅ ለቅቄ ወጣሁ። እትዬ አላስቀሩኝም፤ በሩ ድረስ ሸኝተው አገላብጠው ሳሙኝ፣ አላህ ይጠብቅሽ አሉኝ። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ።

ሴራሚክ አንጣፊውና ሚስቱ አሁን 31 ሜይ በሚባል ሌላ ሰፈር ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ሚስቱን ገበያ አግኝቻት ነበር። ልጅቷ አድጋለች፣ አልለየችኝም። ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ውኃው መጥፋት አወራን። ዓርብ የት እንደሚሰበሰቡ አልነገረችኝም፤ የሚሰበሰቡ ከሆነ። እኔም አልጠየቅኳት። ስናወራ ዓይኗ በየመሐሉ ወደ ቦርሳዬ ይሄድ ነበር። ስልኬ በራሴ ስም እንደተከፈተ፣ ካርታውን እንደዘጋሁት ልነግራት ፈለግሁ። በማን ስም እንደተከፈተ ባሳያት እንኳን ለማን እንደሚናገር በምን አረጋግጥላታለሁ? ተሳስመን ተለያየን።

አሁን በአንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ቢሮዎች አጸዳለሁ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው በሩ አጠገብ ወደተሰቀለ ትንሽ ማሽን ወስዶ ጣትሽን አስቀምጪ አለኝ። ለሰዓት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሁሉም ያደርጋል።

«አሻራዬ የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሠራተኞች ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ጥያቄው ከመጀመሪያውም የገባው አይመስልም።

«ሲስተሙ ውስጥ» አለኝ።

«ሥራ ብለቅስ?»

«ገና ሳትጀምሪ ስለ መልቀቅ ታወሪያለሽ?»

የቤት ኪራይ አለብኝ፤ መድኃኒት እገዛለሁ። ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ አስቀመጥኩት። ማሽኑ መጀመሪያ አልተቀበለኝም፤ ሳሙናና በረኪና የጣቴን መስመሮች በልቷቸዋል። ኃላፊው እጄን ይዞ ደግሞ ደጋግሞ ተጫነው፣ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ድረስ።