የውሰት ሶፋ

የልብስ ሰፊዋ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ለኮሌጅ የትምህርት ድጋፍ አመለከተች። ድጋፉ ለችግረኛ ተማሪ ስለሆነ ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ ኑሮን ያያል ተባለ። ይሄኔ እናቷን ጭንቅ ያዛት። «እንግዳ መጥቶ ምን ላይ ላስቀምጥ ነው?»

ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ቀበል አድርጋ፣ «እኔ እያለሁልሽ! ሶፋዬንም ቴሌቪዥኔንም ውሰጂ» አለቻት።

«እማዬ፣ እነሱ እኮ የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው!» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ፣ አታዋርጂኝ!»

ሶፋውን ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ከነልጇ ተሸክማ አስገባችላቸው። በደግነቷ ልጅቷን ሳይቀር እንባ እንባ አላት። ኮሚቴው ተንፈላሶ ተቀመጠ፣ ቤቱን ቃኘ፣ አመስግኖ ወጣ። «ሶፋው አይቸኩልም፣ ይቆያችሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ውጤቱ ሲለጠፍ የልጅቷ ስም የለም። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ስም ግን ከላይ ጉብ ብሏል። ለካ እሷም አመልክታ ኖሯል! ለካ ኮሚቴው ከእነሱ ቤት ወጥቶ በቀጥታ የገባው እዚያ ባዶ ሳሎን ውስጥ ነው!

በዚያው ዕለት ፀጉር ሠሪዋ እየሳቀች መጣች። «ሶፋዬን ልውሰድ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ሰው እየመጣብኝ ነው።»

ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ይገትርሻል?» አለቻት እናቷ። «በዚያ በኩል ያዥላት እንጂ!»