መሥሪያ ቤታቸው እንዲዘጋ የጠየቁት ወይዘሪት ኦቲሊ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በዓመቱ በከተማችን የዕደላ ጽሕፈት ቤት፣ ጫማ ክፍል ስቀጠር እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አለቃዬ ወይዘሪት ኦቲሊ ቪሰንባኽ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ክፍላችን ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዙ የካርድ ሳጥኖች ነበሩት። በጀርመን፣ ላን ወንዝ ዳር በምትገኘው ከተማችንና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች የሚኖር ሰው ሁሉ በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ አንድ አንድ ካርድ አለው። ጫማ የፈለገ ወደ እኛ መጥቶ ያመለክታል፤ እኛም ካርዱን አውጥተን ሥራውን፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ መጨረሻ ጫማ ያገኘበትን ጊዜ አይተን እንወስናለን። የእኛን ወረቀት ያልያዘ ሰው ኪሱ በማርክ ገንዘብ ቢወጠር እንኳ ጫማ መግዛት አይችልም። ወረቀቱን ይዞም ሱቁ ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ብዙ ነበር።

ወይዘሪት ኦቲሊ በዚያ ሥራ ከልባቸው ያምኑ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም በኋላ «ድሮም ሥራዋን አትወድም ነበር» እየተባለ ብዙ ተወርቶባቸዋል። ሐሰት ነው። የከተማው ከንቲባ ሚስት አንድ ቀን ቅቤ በወረቀት ጠቅልላ ብትመጣ፣ ቅቤውን መልሰው አስይዘው ተራዋን እንድትጠብቅ ነገሯት። ካርዱ ትክክል ከሆነ ማንም ሳይበደል ለሁሉም ይደርሳል ብለው ያስቡ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ቤቱ ሲገባ እሳቸው የሞተውን ያወጣሉ፣ የተወለደውን ያስገባሉ። እኔ በሆዴ «እኚህ ሴትዮ ሰማይ ቤት ሲገቡም መዝገቡን አምጡልኝ ይላሉ» እል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ሮዛሊ ኮቱላ የምትባል ሴት መጣች። ከምሥራቅ፣ ከሲሌዚያ ተባርረው ከመጡት ስደተኞች አንዷ ናት፤ ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ከከተማው ውጪ በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ትኖር ነበር። ካርዷን ስናይ ተራዋ ደርሷል፤ ወረቀቱን ልጽፍላት እስክሪብቶ ሳነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

«ጫማው ይቅርና ወስፌ ስጡኝ» አለች።

ወይዘሪት ኦቲሊ ከካርዳቸው ቀና አሉ። «ወስፌ?»

«ወስፌ፣ ሁለት መርፌና ጠንካራ ክር። አባቴም ባሌም ጫማ ሰፊ ነበሩ፣ እኔም አብሬ ስሰፋ ነው ያደግሁት። የተጣለ የመኪና ጎማ በየሜዳው ሞልቷል። እናንተ ለእኔ አንድ ጥንድ ከምትሰጡኝ እኔ ለጎተራው ሰው ሁሉ ልስፋለት።»

ወይዘሪት ኦቲሊ በትሕትና አስረዷት። ወስፌ የሚሰጠው ፈቃድ ላለው ጫማ ሰፊ ብቻ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የጫማ ሰፊዎች ማኅበር ሲስማማ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ያለነው እንበቃለን፣ አዲስ ሰው አያስፈልግም ብሎ ወስኗል። ሮዛሊ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ሻርፗን አሰረችና፣ «ገባኝ እትዬ» አለች፤ «ጎማው አለ፣ እጄ አለ፣ ባዶ እግርም አለ። የጠፋው ፊርማ ነው።» ወጥታ ሄደች። ወይዘሪት ኦቲሊ ካርዷን ወደ ቦታው መለሱት።

በጥር ወር ፖሊስ ጎተራውን ፈተሸ። ሮዛሊ የብስክሌት ሽቦ አሹላ ወስፌ ሠርታ ኖሮ፣ ያለ ፈቃድ የተሰፋ ሃያ ሦስት ጥንድ ጫማ ተገኘ። እሷ ዘጠኝ ቀን ታሰረች። ጫማዎቹ ተወርሰው በሁለት ጆንያ እኛ ክፍል ተራገፉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሩፐል፣ በዝርዝሩ መሠረት ተራ ለደረሳቸው ሰዎች አድሉ ብለው አዘዙን።

ከጆንያው እያወጣን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ሶላቸው ጎማ፣ ላያቸው የወታደር ቀበቶና የድሮ ቦርሳ ቆዳ ነው፤ ስፌታቸው ግን ከፋብሪካ ከሚመጣልን ይበልጣል። በየጫማው ውስጥ በጠመኔ ስም ተጽፏል። አንዱ አውራ ጣቱ ላበጠ ሽማግሌ ጎኑ ሰፍቷል። ሌላው የውርጭ ቁስል ላለባት ሴት ከላይ ተከፍቶ በማሰሪያ ተያይዟል። ወይዘሪት ኦቲሊ አንድ ትንሽ ጫማ አንስተው ከጥንዱ ጋር አስተያዩት። የቀኙ ሶል ከግራው በሦስት ጣት ይወፍራል። ውስጡ «ሊስቤት» ይላል።

ካርዷን አወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ አባት የለም። አንድ እግሯ ማጠሩን የሚናገር መስመር የለም፤ ካርዱ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታም አልተተወለትም።

«ባለፈው ዓመት ለዚች ልጅ ጫማ ሰጥተናል» አሉኝ። «ተመልከቺ ፍሪደል፣ ፊርማዬ ነው። ሁለቱም እኩል የሆነ ጫማ ሰጥቻት ፍትሕ ሠራሁ ብዬ ቤቴ ገብቻለሁ።»

ከዚያ ተቀምጠው ሃያ ሦስት የፈቃድ ወረቀት ጻፉ። በየወረቀቱ ላይ የሞሉት በዝርዝሩ ተራ የደረሰውን ሰው ስም ሳይሆን በጠመኔ የተጻፈውን ነበር። በማግስቱ ጆንያውን በእጅ ጋሪ ጭነን፣ በረዶውን እየረገጥን ጎተራው ድረስ ወሰድንላቸው። ሊስቤት አሮጌ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅጥቃ ነበር የምትሄደው። አዲሱን አጠለቀችና ከግድግዳ ግድግዳ ሄደች፤ ከዚያ እንደገና ሄደች። ማንም አላጨበጨበም። ወይዘሪት ኦቲሊ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ።

ወሬው በሳምንቱ አቶ ሩፐል ጆሮ ገባ። አቶ ሩፐል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰጉት እውነተኛ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ፈለገው ከሰፋና ከሸጠ፣ ጫማው ሁሉ ሥጋና ድንች ያለው ገበሬ ቤት ይገባል፣ ደሃው ባዶ እግሩን ይቀራል አሏቸው። ወይዘሪት ኦቲሊ ይህን ነገር ቀላል አድርገው አላዩትም። አራት ቀን አሰቡበትና አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። እኔ ነኝ በጽሕፈት መኪና የመታሁላቸው፤ ስለዚህ ያለውን አውቃለሁ።

እኔ ከሐቀኞቹ አንዷ ነኝ፣ ካርዶቼም ትክክል ናቸው ይላል ደብዳቤው፤ ሆኖም ከሃያ ሺህ ሰው የአንዱንም እግር አላውቅም። እግሩን የሚያውቀው ባለቤቱና ልኩን የወሰደችለት ሴት ናቸው፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ መሐል የቆምኩት እኔ ነኝ። ብዙ ካርድ ብትጨምሩልኝ፣ ብዙ ጸሐፊ ብትቀጥሩልኝ ይህ አይለወጥም። ደሃው እንዳይጎዳ ከተፈለገ ደሃውን እንርዳው፤ ጫማ የሚሰፋውን እጅ ማሰር ግን ለደሃው ጫማ አይሆንለትም። በመጨረሻም ሮዛሊ ኮቱላ ፈቃድ እንዲሰጣት፣ የጫማ ክፍልም እንዲዘጋ ይጠይቃል።

«ወይዘሪት ቪሰንባኽ፣ የራስዎን ወንበር ነው እኮ እንዲነሣ የሚጠይቁት» አሏቸው አቶ ሩፐል።

«አዎ» አሉ እሳቸው። «ሌላ ሰው አይጠይቅልኝም።»

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። ወደ ከሰል ክፍል ተዛወሩ፤ ከአለቅነት ወርደው ምድር ቤት ተቀመጡ። ስለ ደረሰባቸው ነገር አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ለደብዳቤው ግን የተጻፈ መልስ እንዲሰጣቸው በየወሩ ያመለክቱ ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1948 ሰኔ ሆነ። አዲሱ ማርክ በወጣ ማግስት ብዙው የዋጋና የዕደላ ቁጥጥር ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ትናንት ባዶ የነበረው የሱቅ መስኮት ድስት፣ ባልዲ፣ የሴት ጫማ ተደርድሮበት አየሁ። ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ ግማሾቹ ይስቃሉ፣ ግማሾቹ የት ተደብቆ ነበር ብለው ይሳደባሉ። ወይዘሪት ኦቲሊም ተናደው ነበር። ደስ አላለዎትም ወይ ብላቸው፣ ደስታው ይቆየን፣ በክረምቱ በብርድ ያለቁት ልጆች ይህን መስኮት አላዩም አሉኝ።

በበጋው መጨረሻ የጫማ ክፍል ተዘጋ፤ ከሌሎች ጋር እሳቸውም እኔም ተሰናበትን። መኸር ላይ ደግሞ ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ። ደመወዝ ባለበት ቆሞ ጫማው፣ እንቁላሉ፣ ሸሚዙ ሁሉ ናረ። ኅዳር ላይ ሠራተኛው በአገር ደረጃ ሥራ ሊያቆም ተነሣ፤ በከተማችን ቀስቃሹ የወይዘሪት ኦቲሊ ታናሽ ወንድም፣ የባቡር ሠራተኛው ላምበርት ነበር። ከአድማው በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ በመጠጥ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ላምበርት ቁጥጥሩ ይመለስ ብሎ ሲናገር እህቱን ከኋላ ወንበር ላይ አያቸው።

«እህቴ የሱቅ መስኮት ማየት ትወዳለች» አለ። «እኛ ግን መስኮት አንበላም፣ አንለብስም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሪት ኦቲሊ ተነሡ። አንዳንዶቹ አፏጩባቸው፤ ፉጨቱ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

«ላምበርት ስለ ዋጋው ልክ ነው» አሉ። «አራት ልጅ ያላት ሴት ዛሬ ጫማ መግዛት አትችልም። ደመወዝ ይጨመር በሉ፣ አብሬያችሁ እቆማለሁ። ለእሷም እናዋጣላት፣ እኔም ከጎደለኝ ላይ አዋጣለሁ። ግን ለማን እንደሚገባ ተቀምጦ የሚወስን ሰው መልሳችሁ አትሹሙ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከእኔ የተሻለ ልብ ያለው ታገኙ ይሆናል፤ የእናንተን ጉዳይ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ግን አታገኙም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ክፍል ስትገቡ ባርኔጣችሁን ታወልቁልኝ ነበር። አክብራችሁኝ አይደለም፤ ወረቀቱ በእጄ ስለ ነበር ነው። ላምበርት፣ አንተም ታወልቅ ነበር።»

አድማው ተደረገ፤ ላምበርትም እስከ ገና እህቱን አላናገረም። ዋጋው በሚቀጥለው ጸደይ ረገብ አለ፤ ሥራ ያጣው ሰው ግን በዝቶ ነበር። ይህን ካልተናገርሁ ወይዘሪት ኦቲሊ ራሳቸው ይቆጡኛል፤ በነጻነት ሁሉ ነገር ይስተካከላል የሚል ሰው ሲሰሙ «ማን ነገረህ?» ይሉ ነበር።

አድማው በተደረገበት በዚያው ክረምት በእኛ ክፍለ ሀገር ለመሥራት የማኅበር ስምምነት መጠየቅ ቀረ። ሮዛሊ በጥር መጨረሻ በአንድ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሱቅ ከፈተች፤ ወይዘሪት ኦቲሊም ትእዛዝ ተቀባይ ሆነው ገቡላት። ወስፌ የከለከለቻት ሴት ተቀጣሪዋ ሆነች እየተባለ ተሳቀ። ሁለቱ ግን ተግባቡ፤ አንቺ መባባልም ጀመሩ። ሱቁ አደገና ስምንት ሠራተኛ ያዘ። ወይዘሪት ኦቲሊ በየትኛውም ፓርቲ ሳይታቀፉ ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ እንደማስበው ከደብዳቤውም ይከብዳል። ኔሎ ፋንቲን የሚባል ጣሊያናዊ መጥቶ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለችውን የከተማውን ኪዮስክ ልከራይ አለ። ሰው ባቡር እስኪመጣለት ድረስ በአሥር ደቂቃ ታኮ የሚቀይር ማሽን ነበረው። ጫማ ሰፊዎቹ እንዳይሰጠው የተቃውሞ ወረቀት ፈረሙ። ከፊርማዎቹ መካከል የሮዛሊም ነበረበት።

ወይዘሪት ኦቲሊ ያን ወረቀት ባዩ ዕለት ወደ ሱቁ ሄዱ። እኔም ጫማዬን ላሠራ እዚያው ነበርኩ።

«ስምንት ሰው ነው የማስተዳድረው» አለች ሮዛሊ፣ እጇን ከሥራዋ ሳታነሣ። «የጫማ እድሳቱን ሥራ ከወሰደብኝ ሁለቱን አሰናብታለሁ። አንቺ ጉሮሮዬን ስትዘጊ ዝም ልበል?»

«ጉሮሮሽን አልዘጋም። የእሱን ግን እንድዘጋ አትጠይቂኝ።»

«የእሱ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ከጎተራ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሪት ኦቲሊ የሱቁን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ከሥራው ለቀቁ፤ በዚያ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከሁለቱ ወገን የአንዱን ደመወዝ መብላት የለበትም ብለው ነው። በምክር ቤቱ ተነሥተው ለፋንቲን ተከራከሩለት። ኪዮስኩ በሁለት ድምፅ ብልጫ ተሰጠው። እሳቸው በሃምሳ ዓመታቸው እንደገና ሥራ ፈላጊ ሆኑ።

ሮዛሊ እንደ ፈራችው ሁለት ሠራተኛ አሰናበተች። እድሳቱን ትታ ለታመመ እግር የሚሆን ጫማ ወደ መሥራት ዞረች፤ በጥቂት ዓመት ከፍራንክፈርት ሐኪሞች ታካሚ ይልኩላት ጀመር። ይህም ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ወይዘሪት ኦቲሊን በመንገድ ስታገኝ ትሻገር ነበር። አንድ ቀን ግን ቤታቸው ድረስ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«ያኔ ተሳስተሻል፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው» አለቻቸው ገና ከደጃፉ።

«እመኚ፣ ማን ከለከለሽ?» አሏትና ወንበር ሳቡላት።

ከምክር ቤቱ የወጡት በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሰዎች እንዲቀጥሉ ሲለምኗቸው፣ ለሌላ ሰው መወሰን እንደ ትንባሆ ነው፣ ሳይታወቅ ይለመዳል ብለው እንቢ አሉ። በእርጅናቸው ሚስቱ ከሞተችበት ከላምበርት ጋር በአንድ ቤት ኖሩ። ስለ ባቡር ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጋዜጣው ርዕስ ሁሉ ይከራከራሉ፤ አንዱም ለሌላው ተሸንፎ አያውቅም። የአትክልቱን ድንች ግን ላምበርት በፈለገው መስመር፣ ላምበርት በፈለገው ቀን ነበር የሚተክሉት። እሳቸው የተሻለ መንገድ እንደሚያውቁ እርግጠኛ ነበሩ፤ ቢሆንም ቦታው የእሱ ነው ይሉ ነበር።