መሰሉ እስኪታዘዝ

የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር መሃል ለመሃል ቀጭን ቦይ አለው። የጉድጓድ አፍ ላይ ያለን ድንጋይ ገመድ በልቶ በልቶ መንገድ እንደሚያወጣበት፣ የእሷንም ጥፍር ሪባን በልቶታል። ሪባን፣ ያ እፍ ቢሉት የሚበርረው፣ የሕፃን ጸጉር የሚታሰርበት ለስላሳ ነገር፣ ጥፍር ይቆርጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል። ይቆርጣል። አሥራ አንድ ዓመት ይፈጅበታል እንጂ ይቆርጣል።

በሥራ ቦታ የሚጠሯት «ቋጠሮ» እያሉ ነው። የምትሠራበት ሱቅ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ጀርባው መጋረጃ ነው። ከመስታወቱ በኩል ደንበኛ ይገባል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀት መቁረጫው ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። የሚሸጡት ትንንሽ የካርቶን ሣጥን ነው፤ ሠርግም ይሁን ልደት ወይም ምረቃ፣ እንግዳው ከድግሱ ሲወጣ «ማስታወሻ» ተብሎ በእጁ የሚሰጠው። ውስጡ ስኳር የለበሰ ለውዝ ይጨመራል፤ ላዩ የደጋሾቹ ስም በታተመበት ሪባን ይታሰራል። የምታስረው ቋጠሮ ናት። በቀን ሦስት መቶ ታስራለች፤ አንዱ ከአንዱ በጸጉር ስንጥቅ አይለይም።

የሱቁን ባለቤት ሠራተኞቿ ከኋላዋ «ባለወግ» ይሏታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ደንበኛ ገና ከመቀመጡ «ከየት ናችሁ?» ትላለች።

«ከወንዝ ማዶ።»

«እንግዲያማ በየሣጥኑ ሰባት ፍሬ ነው የሚገባው። አምስት ብታደርጉ የእናንተ ሰዎች ይቀየማሉ። ወጋችሁን ልንገራችሁ እንዴ እኔ?»

ባል ሚስቱን ያያል፤ ሚስት ባሏን ታያለች። ሁለቱም የአገራቸውን ወግ የማያውቅ ሰው መባልን ይፈራሉ። «አይ፣ ሰባት ነው እንጂ» ይላል ባል ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «እናቴም ሰባት ነበር የምትለው።» በሳምንቱ ሌላ የወንዝ ማዶ ሰው ይገባና፣ ማንም ሳይጠይቀው «በእኛ ሰባት ነው» ይላል። ማክሰኞ የተወለደ ወግ ዓርብ የጥንት ሆኖ ያድራል። ለባሕር ዳርቻ ሰዎች ሰማያዊ ሪባን ክልክል ነው፤ ለተራራ ሰዎች ደግሞ ያለ ሰማያዊ ሠርግ የለም። ሰማያዊው ጥቅልል ሲበዛ ተራራው ላይ የሚያገባ ሰው ይበዛል።

«ይቺ ሴትዮ ወግ ቢያልቅባት ከቀሚሷ ቀድዳ ትሰፋለች» ይላል ወረቀት ቆራጩ። ቋጠሮም መጋረጃው ጀርባ አፏን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች። እየተታለሉ በገዛ እናታቸው ስም የሚምሉ ሰዎችን ከማየት በላይ የሚያስቃት ነገር አልነበረም።

ሳቋ የማይነካው አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በግራ ጫፍ ይቀመጣል። ነጣ ያለ ሣጥን ነው፤ አረንጓዴ ሪባኑ በአንድ ጉተታ ብቻ በሚፈታ ቢራቢሮ ቋጠሮ ታስሯል። ሪባኑ ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ የእሷ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ለሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሁለት መቶ አርባ ሣጥኗን ልትወስድ በታክሲ እዚህ ሱቅ መጥታ ነበር። ባለወግ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ብላ አየቻትና «አልነገሩሽም እንዴ?» አለቻት። «የሙሽራው አክስት ጠዋት መጥታ፣ ትእዛዙ ቀርቷል ብላን ሄደች እኮ። ያዘዘው እሱ ነው፤ ስለዚህ የነገሩት ለእኛ ነው።»

ሙሽራዋ ሠርጓ መቅረቱን ከሱቁ ቀጥላ ሰማች። ውጭ ታክሲው ጡሩምባውን ይነፋል። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ እጇ የሚሠራው ስላጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሣጥን የአንዱን ሪባን ፈትታ አሰረችው። እንደገና ፈታችው፤ እንደገና አሰረችው። ባለወግ ፊቷን አላየችም። ያየችው እጇን ነው።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አለቻት። «ሥራ ትፈልጊያለሽ?»

እሑድ ሠርጓ የነበረው ልጅ ሰኞ ሥራ ገባች። ቤትማ ምን ትሠራለች፤ አባቷ ከዚያች ቀን ወዲህ በስሟ መጥራቱን ትቶ «ያቺ» ይላታል። የመጀመሪያ ሥራዋ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን ሣጥን ማፍረስ ነበር፤ ስሟን ከሪባኑ ጋር እየጠቀለለች ቅርጫት ውስጥ መጣል። አንዱን ባለወግ ለናሙና አስቀረችው።

«እትዬ፣ ይሄንንም ላፍርሰው» አለች በወሩ።

«ናሙና አይፈርስም። ናሙና ከመደርደሪያ የሚወርደው መሰሉ ሲታዘዝ ነው። አንዲት ሙሽራ መጥታ ‹እንደዚህ አድርጉልኝ› ትበል፤ የዚያኑ ዕለት አዲሱን እተካና ያንቺን እሰጥሻለሁ። ብታቃጥይው፣ ብትበይው የራስሽ ጉዳይ።»

ቋጠሮ ይህን ቃል እንደ ስንቅ ይዛ ኖረች። ሰርቃ ብትወስደው ማንም አያያትም ነበር፤ ግን መስረቅ አልፈለገችም። የምትፈልገው አንዲት ሙሽራ ወድዳ እንድትመርጠው ነበር። ያኔ ሣጥኑ ሣጥን ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ሰውም አስሮት፣ ስቆበት፣ ድግሱን ጨርሶ የሚሄድበት ተራ ካርቶን። በየጠዋቱ አቧራውን ስትጠርግ ታነቃንቀዋለች። ሽክ ሽክ ይላል። አምስት ፍሬ ለውዝ፣ የእሷ ለውዝ፣ አሁንም አለ።

ሣጥኑን የሚነካ ደንበኛ አልጠፋም። እንዲያውም ብዙዎቹ ቀድመው የሚያዩት እሱን ነው። ግን ሰው እጁን በሰደደ ቁጥር ባለወግ «ቋጠሮ፣ ሂጂና የብሩን ሪባን አምጪልኝ» ትላለች። ቋጠሮ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገብታ፣ ከላይ ብርማውን ጥቅልል አውርዳ ስትመለስ፣ ደንበኛው ሌላ መርጧል፤ ሁልጊዜም ድርብ ቋጠሮ ያለበትን፣ በመቀስ ካልሆነ የማይፈታውን፣ ዋጋውም ከፍ ያለውን። ሰው ጠበቅ ያለውን ይወዳል፣ የእኔ ፋሽኑ አልፎበታል ብላ ታስባለች። አንዳንዴ አረንጓዴውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፤ እንደሚዳር ልጅ ፊት።

ባለፈው ወር፣ ባለወግ ጥርሷን ልታስነቅል በሄደችበት ጠዋት፣ እናትና ልጅ ገቡ። ልጅቷ ሙሽራ ናት። ሳትቀመጥ ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ ሄደችና አረንጓዴውን ሪባን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው።

«እማዬ፣ ይሄ ነው። ባለፈውም ያልኩሽ ይሄ ነው።»

ቋጠሮ ጠጋ አለች። ዛሬ የብር ሪባን የሚያስመጣት ሰው የለም። «ላውርድልሽ የኔ እህት?» አለች። «ሦስት ቀን ይበቃናል። እኔ ራሴ ነኝ የማስርልሽ።»

«እጅሽን አንሺ ከሱ» አለች እናት ለልጇ። ከዚያ ወደ ቋጠሮ ዞር ብላ፣ «አታውርጂው ልጄ። እኛ አገር ቢራቢሮ ቋጠሮ ለሠርግ አይሰጥም።»

«ምነው እናቴ?»

«ወግ ነዋ። ከጥንት የመጣ ነው። አንዲት ነበረች አሉ፤ ሁለት መቶ አርባ ሣጥን በእንዲህ ያለ ሪባን አሳስራ፣ በሦስተኛው ቀን ሠርጓ ሊሆን፣ ልትወስድ ስትሄድ ‹ቀርቷል› አሏት። መኪናው ደጅ ጡሩምባ እየነፋ፣ እሷ ቆማ ሪባን ስትፈታ ስታስር፣ ስትፈታ ስታስር። እዚያው አበደች። ዓመትም አልቆየች፤ ሞተች።»

ቋጠሮ ጠረጴዛውን ያዘች። የራሷ ቀን፣ የራሷ ታክሲ፣ የራሷ እጆች፣ በማታውቃት ሴትዮ አፍ ተረት ሆነው መጡ። ሽበትም አብቅለዋል።

«ከማን ሰሙት እናቴ?»

«ከማን ይሰማል? የእናቶቻችን ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ። ባለፈው ሳምንት ባለሱቋ አይደለች እንዴ የነገረችን? ይቺን እህታችንን የብር ሪባን አምጪ ብላ የላከቻት ጊዜ።»

የብር ሪባን። ቋጠሮ መጋረጃውን አየችው። አሥራ አንድ ዓመት ያመላለሰችው ጥቅልል አንድ ክንድ እንኳ ተቆርጦለት አያውቅም፤ ላስቲኩ ሳይቀደድ እንዳለ ነው። ሄዳ እስክትመለስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ አንዲትን ሴት አሳብዶ ለመግደል ይበቃል። «መሰሉ ሲታዘዝ» ያለችውም፣ እንዳይታዘዝ የምትነግረውም ያችው አንዲት አፍ ናት።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አላበድኩም እናቴ። እንደሚያዩኝ አልሞትኩም። ሪባኑ ላይ ያለው ስሜ ነው። ሣጥኑ ምንም የለበትም፤ ትቶኝ የሄደው ሙሽራው ነው እንጂ ሪባኑ አይደለም።»

እናትየዋ ትደነግጣለች፣ ታዝናለች ብላ ነበር። እናትየዋ ግን የልጇን ክንድ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሳበቻት።

«ባለፈው ዓመት የትልቋን ልጄን ሣጥን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ይኸውልሽ» አለች ለልጇ፣ ቋጠሮ እዚያ የሌለች ይመስል። «ይኸውልሽ፤ በሰባት ወሯ ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰችው ለካ በማን እጅ ነው።»

«የእሷ ድርብ ቋጠሮ ነበር እኮ እናቴ። በመቀስ ነው የሚፈታው።»

«እጁ ያው አይደለም?»

ይሄን ጊዜ ባለወግ በአንድ በኩል ያበጠ ጉንጭ ይዛ፣ አፏ ውስጥ ጥጥ እንደጎረሰች ገባች። እናትየዋ ቁጣዋን ሳትጀምር ገና በጣቷ ወደ ቋጠሮ ጠቆመች። «ይቺ ናት እንዴ የምታስረው?»

«ማ? እሷ?» አለች ባለወግ፤ ጥጡ ንግግሯን ቢያኮላትፈውም ዓይኗ አላቅማማም። «እሷ የምትይዘው መጥረጊያ ነው። የእናንተን የማስረው እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ደግሞስ እሜቴ፣ ወጋችሁን እኔ ልንገራችሁ? ያልታደለች ሴት ዓይኗ ያረፈበት ሪባን በብር ይለወጣል። በብር ከተለወጠ ምንም አይደርስም።»

እናትየዋ ትንሽ አሰበች። «እሱስ እውነት ነው» አለች። «ይለወጣል። እናቴም ትለው ነበር።»

«በሉ እንግዲህ። ቋጠሮ፣ ሂጂና የብሩን ሪባን አምጪልኝ።»

ቋጠሮ ሄደች። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ወረቀት ቆራጩ ማሽኑን አቁሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ይሄን የማያውቅ አለ? ከተማው ሁሉ ሲያወራው አሥራ አንድ ዓመት፣ ጆሮሽን የት አስቀምጠሽው ነው?» አለና፣ ወረቀቱን እያስተካከለ፣ «ስትስቂ ነበራ» አላት።

ብርማውን ጥቅልል አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ባለወግ ላስቲኩን በጥርሷ ልትቀድ ስትል ሕመሙ ትዝ አላትና በመቀስ ቀደደችው። ሦስት መቶ ሣጥን ታዘዘ፤ ሁሉም በብር። ከዚያ ቋጠሮ በርጩማውን ሳበች፣ ወጣችበት፣ ከሦስተኛው መደርደሪያ ሣጥኑን አወረደችው።

«መሰሉ አልታዘዘም» አለች ባለወግ።

 ቋጠሮ የሪባኑን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አንድ ጊዜ ጎተተችው። ቢራቢሮው ያለ ድምፅ ተፈታ። ክዳኑን ከፍታ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ አምስት ጠጠሮች ወደቁ። ከመንገድ የተለቀሙ፣ ግራጫ፣ ለውዝ የሚያህሉ ጠጠሮች።

«ለውዙስ?» አለች።

«ለውዙማ የዚያኑ ሳምንት ለሌላ ሠርግ ሄደ። ምግብ ይጣላል እንዴ? ናሙና መንኳኳቱ ነው የሚፈለገው።»

ቋጠሮ ሙሽራዋን አየቻት። ከዚህ ሁሉ ቀን፣ ከዚህ ሁሉ ሰው፣ ሣጥኑን ወድዳ የመረጠች እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቃል ትላለች ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ጠጠሩን እያየች፣ ቅድም አረንጓዴውን የዳሰሰችበትን ጣቷን ቀሚሷ ላይ ታብሳለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀችም አትመስል፤ ብቻ ደጋግማ ታብሳለች።

ቋጠሮ ሪባኑን አውራ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ቦዩ ውስጥ ልክ ገባ። ባዶውን ሣጥን ያዘችና ወደ በሩ ሄደች።

«ነገ በጊዜ ግቢ» አለች ባለወግ ከኋላዋ፣ ለደንበኞቿ ፈገግ እያለች። «የሚጠረግ ብዙ አለ። ሦስት መቶ የሚሆን።» እንዲህ እያለች ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ከመሳቢያዋ አዲስ ነጭ ሣጥን አውጥታ ከተተቻቸው። ከቅርጫቱ ቁራጭ አረንጓዴ ሪባን ፈልጋ አሰረችው፤ አንዱ ክንፉ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በግራ ጫፍ አስቀመጠችው።

ውጭ ፀሐይ ነበር። ቋጠሮ ከሱቁ ወረድ ብሎ ካለው ፋርማሲ ጥግ ስትደርስ አንድ ታክሲ እስኪያልፍ ቆመች፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋባት፣ ዞራም አላየችው። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች። ሣጥኑን በደረቷ ልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይደፋ የምትጠነቀቅ ይመስል ቀስ እያለች ወረደች። ከኋላ ለሚያያት፣ ደህና ድግስ በልታ፣ ማስታወሻዋን ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትመለስ እንግዳ ነበረች።