ማኅተም ያለበት ግጥም

«እኔ የገለበጥሁት ከዋናው ነው!» አለች የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ዘፋኝ፣ ወረቀቷን አፍንጫዬ ሥር እያራገበች።

«እኔስ ከየት ገለበጥሁት?» አልኋት። የግጥሙ ደራሲ እኔ ነበርሁ።

በቡድናችን ደንብ ማኅተም የተመታበት ዋናው ግጥም ከሊቀመንበሩ መሳቢያ አይወጣም። ሁላችንም በእጃችን እንገለብጥና ቅጂያችንን ቤት ወስደን እናጠናለን። ችግሩ፣ ቤቱ የደረሰ ሁሉ ቅጂውን ያሻሽላል። ግጥሙ ስለ ጣና ሐይቅ ነው፤ በዚያን ቀን ልምምድ እሷ በአንድ ዜማ ጣናን ስታስተኛው ተቀባዮቹ ማዕበል ያስነሱበት ነበር። እኔም ግሽ አባይ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል አዲስ አንጓ ጨምሬ መጥቻለሁ። ከጻፍሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነበር፤ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ካልተዘፈነ የምሞት መስሎኛል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሻሻያችን ዋናው ላይ ይግባና ሁላችንም እንደገና እንገልብጥ» ብዬ ለመንኋቸው።

ዋናውን ከመሳቢያ አውጥተው አዩት። «የት ይግባ? ማኅተሙ ከመጨረሻው ስንኝ ሥር ተመትቷል። ከማኅተም በታች ግጥም አይጻፍም። የሚዘፈነው ይኸው ነው፤ ቅጂዎቻችሁን ቅደዱ።»

«የእኔን ጣና ጭምር?» አለች ዘፋኟ።

«ጭምር።»

«እንግዲያውስ ቅዳሜ ማኅተሙ ይዝፈንልዎታ!»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ድው ብሎ ተዘጋ።