የምሽጉ በር

ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ፎርም አባቴ ሦስት ጊዜ አነበበው። ክፍላችን ባሕር መሐል ደሴት ላይ የተሠራ የድሮ ምሽግ ሊጎበኝ ነው፤ እሱ ካልፈረመ እኔ እቀራለሁ።

«ደሴት፣ ምሽግ፣ ወታደር» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «አሁን ደግሞ የምርምር ጣቢያ። ምንድን ነው የሚመራመሩት?»

«የባሕር ጨው ብረትን እንዴት እንደሚበላ፣ አባዬ።»

«ለጨው ይሄ ሁሉ ግንብ?»

እናቴ ከለንደኑ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ያመጣችውን ጎመን እየከተፈች፣ «አንተ ደግሞ! ተዋት ልጅቷን» አለችው።

አልተወኝም። ፎርሙ ላይ ለድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ፣ ከቤተሰብ ውጪ የሆነ ሰው ስም ይጻፍ ይላል። አባቴን ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ቤት ታስሮ ሳለ የጓደኞችህን ስም ጻፍ ብለውታል። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ወረቀት ላይ አያሰፍርም።

እኔም ጥርጣሬው እንዲለቀው ቁጭ ብዬ የምሽጉን ታሪክ በአማርኛ ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ ሙሉ! ጠላት በባሕር ይመጣል ብለው ገነቡት፤ ጠላት ቀረ፣ መድፎቹ ዛጉ፣ ወታደሮቹ ካርታ ሲጫወቱ አረጁ፣ ብዬ። ካርታ መጫወታቸውን ከራሴ ነው የጨመርኩት። የክፍሎቹንም ንድፍ ሣልኩ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«ራሴ!»

አላመነኝም። ከዚያ ጣቱን ንድፉ ላይ አሳረፈ። «ከመድፉ ቤት ቀጥሎ ያለችው ክፍል ስም የላትም።»

ሆን ብዬ ነበር የዘለልኳት። «እስር ቤት ነበረች» አልኩ። «ለሰከሩ ወታደሮች።»

«በሯስ?»

«ተመራማሪዎቹ ነቅለው ባሕር ውስጥ ሰቀሉት። ለሙከራ። ጨው እየበላው ነው፤ በየዓመቱ አውጥተው ይመዝኑታል።»

አባቴ፣ እናቴ ቢላዋዋን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀ። «የእስር ቤት በር ይመዝናሉ? ቀለለ አይደል?»

«ቀለለ።»

«እሱን ጻፊው። የጎደለ ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

እዚያው እፊቱ ጻፍኩት። ቃል በቃል አነበበ፣ አንዲት ፊደል አረመ፣ ፎርሙ ላይ ፈረመ። ከቤተሰብ ውጪ የሆነው ሰው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ግን የራሱን ስም ደገመና ከጎኑ በእንግሊዝኛ ጨመረበት፦ አብሬ እመጣለሁ፤ በሩን ማየት እፈልጋለሁ።